ቀይ ካየሽ ከእኔ ነው

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ጭቃ እየቀመሰ ነበር።

እውነቴን ነው። የሁለቱ አገሮች የጋራ የወንዝ ኮሚሽን ስብሰባ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ አንድ ረጅም ሰው ኮሪደሩ ላይ ካስቀመጠው ባልዲ በጣቱ ጭቃ ዝቆ አፉ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በፊት ጥርሶቹ ቀስ እያለ አኘከው። እኔ አዲስ ጫማ አድርጌ፣ ሪፖርቴን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ እንደ ትልቅ ሰው እየተራመድኩ ነበር። ባለሁበት ቆምኩ።

«ቁርስ አልበሉም እንዴ?» አልኩት።

ዓይኑን ገለጠ። አላፈረም። መሐረብ አውጥቶ አፉን ጠረገና፣ «በልቻለሁ፤ ይሄ ምርመራ ነው» አለኝ። «ጥርስ ላይ ከተንቋቋ አሸዋ አለው። ለስልሶ ካለፈ ጭቃ ብቻ ነው። ይሞክሩት?»

«ይቅርብኝ። እኛ ጋ ላቦራቶሪ አለን።»

«እኛም ጋ አለ። ላቦራቶሪው ግን ሁለት ቀን ይፈጃል።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ አነበብኩ። የላይኛው አገር ግድብ፣ የደለል ልኬት ክፍል ይላል። ሳቄ እዚያው ደረቀ።

«የአባቴን አሸዋ ያስቀረኸው አንተ ነህ?» አልኩት። ከእርስዎ ወደ አንተ እንዴት እንደወረድኩ ራሴም አላውቅም። ምላሴ ሁልጊዜ ከእኔ ይቀድማል።

«ያስቀረው ግድቡ ነው፤ የእኔ ሥራ መለካት ብቻ ነው» አለ ረጋ ብሎ። «የአባትሽ ቤት የት ነው?»

«ወንዙ ባሕር የሚገባበት።»

«ስንት ቀራቸው?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ምን ያህል መሬት እንደሄደብን ነበር። የቀረውን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።

«ሠላሳ ስምንት እርምጃ» አልኩት። አዲሱን ጫማዬን እያየሁ።

ነገሩን ላስረዳ። ወንዝ የሚያመጣው ውሃ ብቻ አይደለም፤ አሸዋም ያመጣል። ባሕሩ በየዓመቱ ከዳርቻው አሸዋ ይወስዳል፣ ወንዙ በየዓመቱ ይተካል። ግድቡ ከተሠራ በኋላ ግን አሸዋው እላይ ቀረ። ባሕሩ መውሰዱን አልተወም፤ የሚተካው ነው የጠፋው። ላይኛዎቹም አልተጠቀሙበትም፣ ግድባቸው በደለል እየሞላባቸው ነበር።

አባቴ ጀልባ ሠሪ ነው። ግድቡ ከተሠራበት ዓመት ጀምሮ በየእሁዱ ጠዋት ከደጃፉ ተነስቶ እስከ ውሃው ድረስ በእርምጃ ይለካል። ቁጥሩን በአናጢ እርሳስ ከበሩ ጀርባ ይጽፈዋል። የመጀመሪያው ቁጥር ሁለት መቶ አራት ነበር። እኔ የደለል ባለሙያ የሆንኩት ያንን በር እያነበብኩ ነው።

በዚያ ስብሰባ የተደረሰው ስምምነት ቀላል ነበር። በክረምቱ ሙላት የግድቡ የታችኛው በር ለስድስት ቀን ይከፈታል፤ የተኛው አሸዋ ይለቀቃል። ከላይ የወጣውን እሱ ይለካል፣ ከታች የደረሰውን እኔ እለካለሁ። አሸዋው እኛ ጋ ከደረሰ በሩ በየዓመቱ ይከፈታል። ካልደረሰ ግን ላይኛዎቹ ያን ሁሉ ውሃ በከንቱ አያፈሱም። ደረሰ ወይም አልደረሰም የሚለው ቃል የሚወጣው ከእኔ ብዕር ነበር።

እስከዚያው በየማክሰኞው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በስልክ ቁጥር እንለዋወጣለን። በድንበሩ በሁለቱም ወገን የምንናገረው አንድ ቋንቋ ስለሆነ አስተርጓሚ አላስፈለገንም። ያ የጣቢያችን ስልክ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ጥቁር፣ ገመዱ የተጠማዘዘ፣ ጆሮ የሚያግል። መጀመሪያ ሰሞን ቁጥሬን አንብቤ ጆሮው ላይ እዘጋበት ነበር። እሱ ግን አይቸኩልም።

«የታችኛዋ?»

«አቤት የላይኛው።»

«ዛሬ እኛ ጋ በሊትር ሁለት ነጥብ አንድ ግራም ነው። ድምፅሽ ግን ምን ሆኗል?»

«ጉንፋን ነው።»

«በይ ውሃ በደንብ ጠጪ። ከወንዙ ግን አይሁን፤ ምን ምን እንዳለበት እኔ አውቃለሁ።»

ቁጥሩ አንድ ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። ወሬያችን ሃያ ደቂቃ ሆነ፣ ከዚያ አርባ። ድንጋይና ጡብ በምላስ እንደሚለዩ የነገረኝ በአንዱ ማክሰኞ ነው፤ ጡብ ምላስ ላይ ይጣበቃል፣ ድንጋይ አይጣበቅም።

«ለመሆኑ አንተ የማትቀምሰው ነገር አለ?» አልኩት።

«የመሥሪያ ቤታችንን ሻይ።»

ሰኞ ማታ ፀጉሬን መታጠብ ጀመርኩ። ለስልክ! የጣቢያው ኃላፊ ሳይቀር ገብቶት፣ ማክሰኞ ጠዋት በሬን ሲያንኳኳ እንደ ሐኪም ቤት ቀስ ብሎ ነበር።

በበጋው የሁለቱ ጣቢያዎች ሚዛኖች እኩል መመዘናቸውን ለማረጋገጥ የሱን ሚዛን ተሸክሞ እኛ ጋ መጣ። ሥራችንን እንደጨረስን አባቴ ቤት ወሰድኩት። አባዬ ከጀልባው ሥር ወጥቶ ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ጭቃ የሚበላው ልጅ አንተ ነህ?»

«አዎ አባቴ።»

«መክሳትህ አይገርምም።»

ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ እንግዳችን በሩን አየው። ጎንበስ ብሎ ከላይ እስከ ታች፣ አንድም ቁጥር ሳይዘል አነበበ። ሲጨርስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«የእኔን መዝገብ ብታዪው ከዚህ ጋር ይገጥማል» አለኝ፣ ወደ ውሃው ስንሄድ። «እዚህ የቀነሰ ሳምንት እኔ ጋ ጨምሯል። ሰባት ዓመት ሙሉ እኔና አባትሽ አንድ ነገር ስንጽፍ ኖረናል።»

እጁን ያዝኩት።

ክረምት ገባ፤ የግድቡ በር ተከፈተ። የዚያን ማክሰኞ ድምፁ ደክሟል።

«አሥራ ሁለት ኬሻ ቀይ ጡብ ወቅጬ ከበሩ ሥር ደፋሁት» አለኝ።

«ማን ወቀጠልህ?»

«እኔና መዶሻዬ። መዳፌ ተልጧል።»

«ለምን ግን?»

«የእናንተ አሸዋ ነጭ ነው። ቀይ ካየሽ ከእኔ ነው።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ክረምቱ ሳይወጣ። እሱ ሲደርስ እኔም እመጣለሁ። ከአባትሽ ጋር የምነጋገረው ጉዳይ አለኝ...»

ውሃው በሦስተኛው ቀን ደፍርሶ ደረሰ። በየጠዋቱ ጉልበቴ ድረስ ገብቼ ከወንዙ ወለል አሸዋ እዝቅ፣ በወንፊት እነፋ ነበር። ነጭ። በማግሥቱም ነጭ። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። አባዬ በሩ ላይ ሃያ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። ዝናቡ አባራ፣ ሰማዩ ጠራ፣ ወንፊቴ ላይ ግን አንዲት ቀይ ቅንጣት አልታየችም።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ ወሬ መናፈስ ጀመረ። «ሰዎቹ በሩን የከፈቱት ወረቀት ላይ ነው» ይባል ነበር። መጀመሪያ ተቆጣሁ። ቆይቼ ሰማሁ። በመጨረሻ አመንኩ። ለምን ብትሉኝ፣ ስጠብቅ የታየሁበት ሀፍረት ከምንም በላይ አንገብግቦኝ ነበር። እንደሚመጣ ለአባቴ ነግሬዋለሁ፤ ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። እልሄ መጣና የመጨረሻውን ሪፖርት ስጽፍ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨመርኩበት። «ከላይኛው ጣቢያ የተላከልን ቁጥር እምነት የሚጣልበት አይደለም።»

ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ስልኩ ጮኸ።

«ሪፖርቱን አነበብኩት» አለ። ቁጥር አልጠየቀኝም።

«ቀይ የለም።»

«ዘግይቶ ይሆናል።»

«ክረምቱ ሳይወጣ ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬሻለሁ። ተሳስቼ ይሆናል። ዋሽቼሽ ግን አላውቅም።»

«አባቴ ሃያ ዘጠኝ ነው የቀረው!» ጮህኩበት።

«አልደረሰም በይ፤ እሱ እውነት ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን እባክሽ አውጫት» አለ። «ስለ እኔ ብዬ አይደለም። እሷ ካለች ሌላ ክረምት እንሞክር የሚል ሰው አይኖርም፤ በሩ ዳግመኛ አይከፈትም።»

«አላወጣትም» አልኩና ስልኩን ዘጋሁት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ የመለሰልኝ ድምፅ የማላውቀው ሰው ነበር። እሱስ ብዬ ጠየቅኩ። ተዛውሯል አለኝ፤ ተራራ ላይ ወዳለ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ። ሦስት ማክሰኞ ቆይቶ የስልክ ልውውጡም ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ አራት ክረምት የግድቡ በር ሳይከፈት አለፈ። በመጀመሪያው ዓመት የአባቴ የጀልባ መሥሪያ ወደቀ። በሁለተኛው ማዕበሉ ፊት ለፊቱን ክፍል ሊወስደው ሲል፣ አባዬ መጋዝና መዶሻ ይዞ ገባና በሩን ከማጠፊያው ነቀለው። ከቤቱ የቀረው የኋላው ክፍል ብቻ ነው። እኔ ጋ ሊኖር ከተማ ሲመጣ ልብሱ በአንድ ቦርሳ አልቋል፤ በሩን ግን በትከሻው ተሸክሞት መጣ።

«አባዬ፣ በሩ ምን ያደርግልሃል?»

«ገና ቦታ አለው» አለኝ። ከመጨረሻው ቁጥር በታች ያለውን ባዶ እንጨት በጣቱ እያሳየኝ።

በሩ ሁለት ዓመት አልጋዬ ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆመ። ሳልፈልግ እያነበብኩት ነበር የምተኛው። ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ከመሥሪያ ቤት ወጥቼ በእግሬ እዞራለሁ፤ ስልኩ ካለበት ክፍል መሆን አልችልም ነበር።

ከግድቡ በር መከፈት በኋላ አራተኛው ክረምት እንዳለቀ፣ እንደ ወትሮው ውሃው ውስጥ ቆሜ አሸዋ ስነፋ ወንፊቴ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ቀይ። እንደገና ዛቅኩ። ሦስት ቀይ። ከዚያ አሥር፣ ከዚያ መቁጠር አቃተኝ። አንዷን ምላሴ ላይ አደረግኳት።

ተጣበቀች።

እዚያው ውሃው ውስጥ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። አሸዋ በወንዙ ወለል እየተንከባለለ ነው የሚመጣው፤ ሙላት ሲሆን ይሄዳል፣ በጋ ሲሆን ይተኛል። ውሃው በሦስት ቀን የጨረሰውን መንገድ እሱ የጨረሰው በአራት ክረምት ነው። ያ ሰው የተሳሳተው የመድረሻውን ጊዜ ብቻ ነበር። ሌላው የነገረኝ ሁሉ እውነት ነበር።

ለአባዬ ቅንጣቶቹን መዳፉ ላይ አደረግኩለት።

«ቤትህን ያፈረስኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ወደ ብርሃኑ አቅርቦ አያቸው። «ቤቱን ያፈረሰው ባሕሩ ነው» አለ። «አንቺ የላይኛውን በር ነው ያስዘጋሽው። ሂጂና አስከፍቺው። ያንንም የከሳ ልጅ በዚያው እይልኝ።»

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የጣቢያው ኃላፊ የፈቃድ ወረቀቴን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ። «የገዛ ሪፖርትሽን ልታፈርሺ? ከሥራ ልትባረሪ ትችያለሽ እኮ።»

«እሱ እውነት ተናግሮ ከቦታው ተባርሯል» አልኩት። «እኔ ተሳስቼ ብባረር ምን ይገርማል?»

አንድ ቀን ተኩል በአውቶቡስ ሄድኩ። ድንበሩን አልፌ፣ ግድቡን በመስኮት አይቼ፣ ተራራው ሥር ወርጄ የቀረውን በእግሬ ወጣሁት። አንዲት ክፍል ቤት፣ ከፊቷ በአጥር የተከለለ የዝናብ መለኪያ። እሱ ከመለኪያው ውሃውን ወደ ብርጭቆ እየገለበጠ ነበር። ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፤ ያው ከሲታ ነው።

መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። ንግግሩን ተውኩት። ቀዩን አሸዋ የያዘውን ጠርሙስ ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁለት።

ወደ ሰማዩ ከፍ አድርጎ አየው። ከፈተው። አንዲት ቅንጣት አወጣና ምላሱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ብዙ ቆየ።

«ቀምሼዋለሁ» አልኩት።

«አንቺ?» ዓይኑን ገለጠ። «ላቦራቶሪ አላችሁ አልነበር?»

«ላቦራቶሪው ሁለት ቀን ይፈጃል።»

ሊስቅ ፈለገ፤ አልሆነለትም። ፊቱን አዞረ።

«ይቅር በለኝ» አልኩት። «አንተን ሳይሆን ወሬ አመንኩ።»

«ተቀይሜሻለሁ» አለ። «ልዋሽሽ አልችልም፤ በጣም ተቀይሜሻለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ በሦስት ሰዓት የዝናቡን ልክ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ለማንም። እብደት ይመስላል አይደል?»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው» አልኩት። ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል። ሁለቱን ደቂቃ ሁለታችንም ቆመን ጠበቅናቸው።

«የታችኛዋ?» አለ በመጨረሻ።

«አቤት የላይኛው።»

«አሥራ አራት ሚሊ ሜትር።»

«መዝግቤያለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ያቀፈኝ።

ከሁለት ወር በኋላ በዚያው የኮሚሽኑ አዳራሽ፣ በሁለቱም አገር ልዑካን ፊት ያቺን ዓረፍተ ነገር ራሴ አነበብኳት፣ ራሴም ሰረዝኳት። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር እሱ ከማዶ ጠረጴዛ አንድ ብርጭቆ ውሃ አሻገረልኝ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኛል። ከሥራ ግን አልተባረርኩም። እሱ ወደ ግድቡ ተመለሰ። አዲሱ ስምምነት የላይኛውና የታችኛው ጣቢያ ሠራተኞች በሁለቱም ቦታ አብረው እንዲለኩ፣ በሩም በየክረምቱ እንዲከፈት አዘዘ። አሸዋው ደረሰ አልደረሰም የሚባለውም አምስት ክረምት ከተጠበቀ በኋላ ነው።

ወዲያው ወደ አባቴ መጣ። ሸሚዙን ተኩሷል፣ ላቡ ግን አሳብቆበታል።

«አባቴ፣ ከአራት ዓመት በፊት ላነጋግርዎ ያሰብኩት ጉዳይ ነበረኝ።»

«ጉዳይህን አውቀዋለሁ» አለ አባዬ። «መጀመሪያ ይሄን በር ስቀልልኝ።»

ሁለቱ በሩን ተሸክመው፣ እኔ ማጠፊያና ብሎን ይዤ፣ ባሕሩ ወደተወልን የኋላ ክፍል ሄድን። ሲሰቅሉት እየተጨቃጨቁ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። በሩ ገጥሞ ሲዘጋ አባዬ እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ አወጣና ለካ። ስድስት እርምጃ። ጻፈው፣ ከዚያ እጁን በሱሪው ጠርጎ የእሱን ጨበጠ። «ልጄን ሰጥቼሃለሁ። ግን አብላት፤ ጭቃ አይደለም» አለው።

የተጋባነው በዚያ በጋ ነው። ቁጥሩ ለመጨመር ጊዜ ወሰደበት። ስድስት ለሁለት ዓመት ስድስት ነበር። ከዚያ ስምንት፣ ከዚያ አሥራ አንድ። አባዬ በየእሁዱ ለካ፤ እጁ እየደከመ ሲመጣ ቁጥሮቹም በሩ ላይ እየተንጋደዱ መጡ። የእሱ የመጨረሻ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ነው። አባዬ ካረፈ እነሆ ሰባት ዓመት ሆነ።

በሩ ላይ ከአሥራ ዘጠኝ ሥር ያሉት ሁሉ በባለቤቴ እጅ የተጻፉ ናቸው። ትናንት እሁድ ስለነበር ሊለካ ወጣ፤ እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አየሁት። እግሩ ረጅም ነው፤ እንደራሱ ቢራመድ በሠላሳ ይጨርሰዋል። እሱ ግን ጉልበቱን ሰብሰብ አድርጎ፣ አጭር አጭር እየረገጠ፣ ልክ እንደ አባቴ ነው የሚራመደው። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቄው ነበር። እርምጃው ከተቀየረ ቁጥሩ ይዋሻል አለኝ።

«ስንት?» አልኩት ከደጃፉ።

«አርባ ሰባት» አለ ከውሃው ዳር።

«መዝግቤያለሁ።»

እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ እያወጣ ወደ በሩ ተመለሰ።